የ159 ኢኒንግ ውሳኔ፦ ዋሽንግተን በ2012 ወጣት ወርዋሪዎቹን እንዴት ያዘ?

ይህን ጉዳይ ለምን አነሳሁት

ባለፈው ጸደይ አንድ ማታ ልጄ ከልምምድ ገብቶ ኩሽና ተቀመጠ። የቀኝ ክርኑ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ይዟል። 12 ዓመቱ ነው። ቤዝቦል ይጫወታል፣ ወርዋሪ ነው፣ እነሱ ፒቸር የሚሉት። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። «አባዬ፣ ትንሽ ነው እኮ የሚያመኝ። ለኮቹ እንዳትነግረው» አለኝ።

ለምን እንዳልነግረው ወዲያው ገባኝ። በቡድኑ ለአንድ ቦታ ሦስት ልጆች ይፎካከራሉ። አመመኝ ካለ ተራው ለሌላው ያልፋል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የ2012ቱ የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ክለብ ነገር መጣብኝ። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳ ነበር። ክለቡ ከክርን ቀዶ ጥገና የተመለሰውን ምርጥ ወጣት ወርዋሪውን ውድድሩ ሳያልቅ ሊያቆመው ነበር፣ በዚያ በጋ መኪናዬ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ስለዚያ ወጣት ክንድ ነበር የሚያወራው። ግማሹ «ክለቡ አብዷል» ይላል። ግማሹ «ልጁን ማትረፍ አለባቸው» ይላል። ልጆቻቸው ይህን ስፖርት የሚጫወቱ ብዙ የሐበሻ ወላጆች ስላሉ ጉዳዩን ከስር ከመሰረቱ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። ዋናው አያያዙ ነው።

ዳራ

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ። በትልቁ ሊግ አንድ ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ ይጫወታል። ማለት ይቻላል በየቀኑ ነው። ወርዋሪ ግን በየቀኑ አይችልም። በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ያህል በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል፣ ከዚያ ክንዱ ማረፍ አለበት። ስለዚህ አምስት ወርዋሪዎች ተራ ይይዛሉ። ዛሬ የወረወረ ሰው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይገባና ከአምስት ቀን በኋላ ይደርሰዋል። አዲስ አበባ ታክሲ የነዳ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ያው ተራ ነው። አሰልጣኙም ተራ አስከባሪ ነው። ልዩነቱ እዚህ ሰልፉ አምስት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ መግባት የሚፈልገው ደግሞ ሰባትም ስምንትም ነው።

ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው፣ ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች በየተራ አንድ አንዴ የሚመቱበት ዙር ነው። ባለተራው አብዛኛውን ይሸፍናል። የቀረውን ቡልፔን የሚባለው ቦታ የሚጠብቁ ተቀያሪዎች ይጨርሱታል።

ናሽናልስ በ2005 ከካናዳዋ ሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን የመጣ ክለብ ነው። መጀመሪያ ላይ ደካማ ነበር። በ2008 ዓመቱን 102 ጊዜ ተሸነፈ፣ በ2009 ደግሞ 103 ጊዜ። በያኔው የሊጉ ደንብ የመጨረሻ የወጣ ቡድን ከአዲስ ተጫዋቾች ቀድሞ ይመርጥ ነበር። በዚህ መንገድ ክለቡ በ2009 የዚያን ዘመን ትልቁን ወጣት ወርዋሪ አገኘ፣ በ15.1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ልጁ ጁን 8 ቀን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ በ7 ኢኒንግ 14 መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ሦስት ስትራይክ (መቺው ያልተጠቀመበት ውርወራ) ቆጥሮባቸው፣ አሰናበተ። ከተማው በአንድ ማታ ቤዝቦል ወዳድ ሆነ።

ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ ክርኑ ተጎዳ። ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። ገና 22 ዓመቱ ነው።

ለዚህ ጉዳት ቶሚ ጆን የሚባል ቀዶ ጥገና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1974 ነው። ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ተወስዶ ክርን ውስጥ ይተከላል። ለማገገም ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ልጁ በ2011 መጨረሻ ላይ ተመልሶ 24 ኢኒንግ ብቻ ወረወረ። 2012 ከቀዶ ጥገናው በኋላ የመጀመሪያው ሙሉ ዓመቱ ሊሆን ነው።

አሰልጣኙ ያኔ 69 ዓመቱ ነበር። በ1986 የኒው ዮርክ ሜትስን ለሻምፒዮንነት ያበቃ ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1985፣ በእሱ ስር የነበረ የ20 ዓመት ልጅ 276 ኢኒንግ ከምናምን ወርውሯል። ያ ልጅ በዚያ ዓመት የሚነካው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ወደዚያ ከፍታ አልተመለሰም። ምክንያቱ ክንዱ ብቻ አልነበረም፣ ከሜዳ ውጭም ብዙ ችግር ገጥሞታል። ቢሆንም ይህ አሰልጣኝ በወጣት ክንድ ጉዳይ የቆየ ትዝታ ይዞ ነው ዋሽንግተን የመጣው።

ችግሩ

ሰው የሚያስታውሰው አንዱን ችግር ብቻ ነው፦ ከቀዶ ጥገና የመጣው ልጅ ስንት ኢኒንግ ይወርውር? እኔ ግን ሁለተኛውን ችግር ካላየን ጉዳዩ አይገባንም ባይ ነኝ። አምስተኛው ቦታ የማን ይሁን?

አራቱ ቦታዎች ተይዘው ነበር። አንዱ የራሱ የልጁ ነው። ሌላው በ2009 ያንኑ ቀዶ ጥገና አድርጎ የተመለሰ የ25 ዓመት ወጣት ነው። ከኦክላንድ በዝውውር የመጣ ግራኝ አለ። በፌብሩዋሪ በ11 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ ልምድ ያለውም ተጨመረ። ለቀረችው አንድ ቦታ ሦስት ሰዎች ከውድድሩ በፊት በሚደረገው የፍሎሪዳ ዝግጅት ላይ ተገናኙ።

የመጀመሪያው ክለቡ በሚሸነፍባቸው ዓመታት ሁሉ ሸክሙን የተሸከመ የ27 ዓመት ግራኝ ነው። ሁለተኛው የ26 ዓመት ግራኝ ነው፣ በ2007 በትልቅ ተስፋ የተመረጠ፣ ግን ገና ቦታ ያላገኘ። ሦስተኛው ከታይዋን የመጣና ቀድሞ በኒው ዮርክ ስም ያተረፈ ሰው ነው።

ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው። ልጁ ሴፕቴምበር ላይ ከቆመ ተራው ባዶ ይሆናል። ያን ባዶ የሚሞላው በዝግጅት ጊዜ «አትበቃም» የተባለው ሰው ነው። ማለትም ማርች ላይ የሚሸነፈው ሰው ሴፕቴምበር ላይ ያስፈልጋል።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ክለቡ ገደቡን ገና ውድድሩ ሳይጀመር ተናገረ። ወደ 160 ኢኒንግ ሲጠጋ ልጁ ይቆማል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። የ25 ዓመቱ ጓደኛው በ2011 ልክ እንዲህ ተደርጎ በ161 ኢኒንግ ላይ ጤነኛ እያለ ቆሟል። ያ ሲሆን ማንም አልጮኸም። ቡድኑ ዋንጫ ላይ አልነበረማ።

ሌሎች አማራጮች ነበሩ። ልጁን ዘግይቶ ማስጀመር፣ መሐል ላይ አንድ ወር ማሳረፍ፣ ሰልፉን ስድስት ሰው ማድረግ ይቻል ነበር። የክለቡ አቋም ወርዋሪን እያስነሱ ማስቀመጥ ራሱ አደጋ አለው የሚል ነበር። ስለዚህ ልጁ ከኤፕሪል ጀምሮ እንደማንኛውም ባለተራ ሄደ።

አምስተኛው ቦታ ላይ የታይዋኑ ሰው በዝግጅት ጊዜ እግሩን ተጎዳ። ሁለቱ ግራኞች ቀሩ። የ26 ዓመቱ ጥሩ ወርውሯል። ሌላም ነገር አለ። በውሉ ሁኔታ እሱን ወደ ታችኛው ሊግ ለማውረድ ክለቡ ለሌሎች ክለቦች ክፍት ማድረግ ነበረበት፣ ሊነጠቅም ይችላል። የ27 ዓመቱን ግን ያለምንም ሥጋት ማውረድ ይቻል ነበር። ወረደ። በዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ሰው የክለቡ የታችኛው ሊግ ቡድን ወዳለበት ሲራኪዩስ ሄዶ በአውቶቡስ መጓዝ ጀመረ። በጣም ከፋው። ክለቡ እንዲሸጠው መጠየቁን ለጋዜጠኞች በጽሑፍ አሳወቀ።

ክለቡ አልሸጠውም። እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ እርምጃ ይህ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። ጁላይ ላይ ቡድኑ 9 ለ 0 እየመራ 11 ለ 10 የተሸነፈበት አሳፋሪ ማታ ነበር። በማግስቱ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ ስለነበር ከሲራኪዩስ ጠሩት። መጣ፣ ወረወረ፣ አሸነፈ። ከዚያ መልሰው ላኩት። ሄደ።

የ26 ዓመቱም ቢሆን በሰላም አልተቀመጠም። ሜይ መጨረሻ ላይ የታይዋኑ ሰው ሲያገግም አሰልጣኙ ቦታውን ለእሱ ሰጥቶ ወጣቱን ወደ ቡልፔን ላከው። አልተሳካም። የታይዋኑ ሰው እጁ ከድቶት ነበር። በጁን ወጣቱ ቦታውን አስመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ዓመቱን በ164 ኢኒንግ ጨረሰ፣ በዘጠኝ ኢኒንግ የገባበት አማካይ 3.40 ነጥብ ብቻ ነው።

የሴፕቴምበሯ ሳምንት

ችግሩ ቡድኑ ማሸነፉ ነበር። ማንም አልጠበቀም። ኦገስት ሲያልቅ ናሽናልስ ከሁሉም በላይ ነው። ዋሽንግተን ከ1933 ወዲህ ጥሎ ማለፍ አይታ አታውቅም። ልጁ ደግሞ የቡድኑ አስፈሪ ክንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው አያያዙ የተበላሸው። ገደቡ ይታወቃል፣ ቀኑ ግን አይታወቅም። በየቀኑ ጋዜጠኛ ይጠይቃል። ልጁ ራሱ መቼ እንደሚቆም ሳያውቅ ይወረውራል። በኋላ ሴፕቴምበር 12 የመጨረሻው ይሆናል ተባለ። ሴፕቴምበር 7 በማያሚ ቡድን ላይ ወጣ። ሦስት ኢኒንግ ብቻ ቆየ፣ አምስት ነጥብ ገባበት። በማግስቱ አሰልጣኙ «በቃ» አለ። ጫጫታው የልጁን ሐሳብ በትኖታል ብሎ አንድ ጨዋታ ቀድሞ አቆመው። በድምሩ 28 ጨዋታ፣ 159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ፣ 15 ድል፣ 197 ስትራይክ አውት። ልጁ ውሳኔውን መቀበል እንደከበደው በግልጽ ተናገረ።

ተራውን ማን ያዘ? የሲራኪዩሱ ሰው። በዓመቱ ስድስት ጨዋታ ተሰልፎ አራቱን አሸነፈ፣ አንዱን ተሸነፈ። የሸጡት ቢሆን ኖሮ ያቺ ቦታ በማን እንደምትሞላ አላውቅም።

ቡድኑ 98 ጊዜ አሸንፎ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣ።

የሠራውና ያልሠራው

በጥሎ ማለፉ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር ተገናኘ። አምስት ጨዋታ ነው፣ ሦስት ያሸነፈ ያልፋል። የመጀመሪያውን 3 ለ 2 አሸነፈ። ሁለተኛውን 12 ለ 4፣ ሦስተኛውን 8 ለ 0 ተሸነፈ። በአራተኛው ማን ወረወረ? ማርች ላይ ለአምስተኛ ቦታ ሲታገል የነበረው፣ ሜይ ላይ ወደ ቡልፔን የተላከው የ26 ዓመት ግራኝ። ልጁ ቢኖር ኖሮ ይህን ሰው በዚያች ቀን ላናየው እንችል ነበር። ስድስት ኢኒንግ ወረወረ። ሦስት ምት ብቻ አስመታ። ቡድኑ በመጨረሻው ኢኒንግ በሆም ራን፣ ኳሱን ከአጥር ውጭ በሚያወጣ ምት፣ 2 ለ 1 አሸነፈ።

አምስተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 12 ማታ ነበር። እኔ ከስታዲየሙ ውጭ ሰው እጭናለሁ ብዬ ቆሜ ሬዲዮ እሰማ ነበር። 6 ለ 0 መርተናል። ጎኔ የቆመው ሹፌር «ዛሬ ሲጨፍሩ ነው የሚያድሩት፣ ሥራ አለ» አለኝ። ወደ መጨረሻው ኢኒንግ 7 ለ 5 እየመራን ገባን። ሁለት አውት፣ ማለትም ሁለት መቺዎች ወጥተዋል፣ ሦስተኛው ቢወጣ ያልቃል። አንድ ስትራይክ ሲቀር ወርዋሪው ስቶ መቺው ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነፃ ሄደ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ከዚያ አራት ነጥብ ገባ። 9 ለ 7። እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ከ45,000 በላይ ሰው ከስታዲየሙ ሲወጣ ድምፅ አልነበረም። መኪናዬ የገቡት ባልና ሚስት እስከ ቤታቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲወርዱ ሰውየው «እሱ ቢኖር…» ብሎ ጀምሮ ተወው።

ይህች «እሱ ቢኖር» ለዓመታት ቀረች። እኔ ግን በፍርዱ አልስማማም። ያን ሌሊት የተሸነፍነው ጨዋታ በሚዘጉት ወርዋሪዎች ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ባለተራዎቹ ቀድመው መመታታቸው እውነት ነው፣ እዚያ ልጁ ልዩነት ያመጣ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ልጁ ሴፕቴምበር 2 እነዚሁኑ ካርዲናልሶች ስድስት ኢኒንግ ያለምንም ነጥብ ይዟቸው ነበር።

ክንዱስ ተረፈ ወይ? የተተከለው ጅማት ዳግም መተካት አላስፈለገውም። በ2014 ልጁ 215 ኢኒንግ ወረወረ። በ2019 ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ የፍጻሜው ኮከብ እሱ ሆነ፣ በዚያው ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ ነርቩ ተነካ። ከ2020 እስከ 2022 ስምንት ጨዋታ ብቻ ወጥቶ በ2024 ጡረታ ወጣ።

ሁለት ማነጻጸሪያ ልጨምር። በዚያው በ2012 አትላንታ ከተመሳሳይ ቀዶ ጥገና የተመለሰ ወርዋሪ ነበራት። ዓመቱን በቡልፔን አስጀመሩት፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ ወደ ተራ አስገቡት። ባለተራ ሆኖ የጀመራቸውን 12 ጨዋታዎች ቡድኑ በሙሉ አሸነፈ፣ እስከ ጥሎ ማለፉም ደረሰ። ግሩም ዘዴ ነበር። ነገር ግን በ2014 ክርኑ ዳግም ተበጠሰ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ በ2015 አንድ ወጣት ከቀዶ ጥገናው በተመለሰበት ዓመት 180 ኢኒንግ ይብቃው ተብሎ ከብዙ ክርክር በኋላ 216 ወረወረ፣ እስከ ፍጻሜው ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ትከሻው አካባቢ ያለ ነርቭ ታፍኖ ቀዶ ጥገና ገባ። የዋሽንግተኑ ልጅም በ2021 የተያዘው በዚሁ ዓይነት ሕመም ነው። አንዱ አርፏል፣ አንዱ አላረፈም። ስለዚህ ቁጥሩ ክንድ ያድናል ብሎ የሚምል ሰው ሲገጥመኝ በጥንቃቄ ነው የምሰማው።

ለሌላ የሚተርፍ

ገደብ ማውጣት ከባድ አይደለም። ከባዱ ገደቡ ከፍላጎት ጋር ሲጋጭ ነው። ዋሽንግተን ቃሉን ጠብቋል፣ ለዚህ አከብረዋለሁ። ያላደረገው ነገር «ዋንጫ ላይ ብንደርስስ?» ብሎ በጃንዋሪ መጠየቅ ነው። 160 ኢኒንግ ካለህና ኦክቶበር ላይ ልትፈልገው ከቻልክ ኤፕሪል ላይ በብዛት አታውለው። ይህ ሒሳብ ነው፣ በየትኛውም ቡድን ይሠራል።

የመጨረሻውን ቀን ደግሞ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፣ በተለይ ለራሱ ለልጁ። ሰው መጥፎ ዜናን ይችላል። የማይችለው በየሳምንቱ የሚንጠለጠል ዜናን ነው።

ፉክክርን በተመለከተ ለወጣት አሰልጣኞች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ቦታ ያጣውን ልጅ እንደጨረሰ አትቁጠሩት። ለምን እንደቀረ ንገሩት፣ መቼ እንደምትፈልጉት ንገሩት። የሲራኪዩሱ ሰው በእልህም ይሁን በሙያ ፍቅር ዝግጁ ሆኖ ጠበቀ፣ ክለቡ ግን በሚገባ ሸኝቶታል አልልም። ኖቬምበር ላይ ውሉን አላደሰለትም።

ለወላጆች ደግሞ ቁጥር አለ። ትልቁ ሊግና የአገሪቱ የቤዝቦል ማኅበር በ2014 ለልጆች መመሪያ አውጥተዋል። ከ11 እስከ 12 ዓመት የሆነ ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቀድለትም። ከ13 እስከ 14 ዓመት ላለው 95 ነው። እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ልጅዎ በሁለት ቡድን የሚጫወት ከሆነ አንዱ አሰልጣኝ የሌላውን ቁጥር አያውቅም። ቆጣሪው እርስዎ ነዎት።

እኔ በማግስቱ ለኮቹ ነገርኩት። ልጄ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ሐኪም አየው፣ ጅማቱ ደህና ነው፣ አራት ሳምንት ይረፍ አለ። ኮቹ ልጁን ፊት ለፊቴ አስቀምጦ ወረቀት ላይ አራት ሳምንት ቆጠረና ቀኑን አከበበለት። «በዚህ ቀን አንተ ነህ የምትወረውረው» አለው። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ አለ።